መብራት ነው ወይስ ማዳበሪያ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም አራት ደብዳቤ ነው የምመልሰው። አራቱም ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ሳነባቸው አንዱ ለሌላው መልስ የሚሰጥ ስለመሰለኝ አንድ ላይ አመጣኋቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ነው። በቀደም ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር ዓሣ እየበላን ሳለ መብራት ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩም ሄደ። ሒሳብ በሞባይል ልንከፍል ነበር፤ በየኪሳችን ያለውን ብር አዋጥተን በመከራ ሞላልን። ከዚያ ክርክር ተነሳ። አንዱ፣ ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ከዓለም ላይ ቢጠፋ ይሄ ሥልጣኔ የምንለው ነገር አለቀለት አለ። ሌላው የለም፣ መብራት ነው አለ። እኔ ባንክ ነው አልኩ። ቤታችን እስክንገባ አልተስማማንም። እባክዎ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡልን። የዛሬው ሥልጣኔ እንዳይፈርስ ከሁሉ በላይ የተደገፈው በምን ላይ ነው?

መልስ፦ አንድ ነገር ብቻ ካልክማ፣ ማዳበሪያ ነው የምለው።

ያ ነጩ ዩሪያ። ገበሬው ተሰልፎ የሚወስደው ጆንያ። ጓደኞችህ ይገርማቸው ይሆናል፤ ግን እስከ መጨረሻው ስማኝ።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሳ እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ነገሩ ለአንድ ዓመት ሙሉ ቢጠፋ ስንት ሰው በሕይወት መቆየት ያቅተዋል? ቢጠፋስ በምን ይተካል? በዚህ ሚዛን ኢንተርኔት ቶሎ ይወድቃል። እኛ ደግሞ ይህን በወሬ አይደለም የምናውቀው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ተማሪው ተጎዳ፣ ነጋዴው ተጎዳ፣ ውጭ አገር ልጅ ያላት እናት ድምፅ ናፈቃት። ቀላል ነገር ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ገበያው ቆመ፣ እንጀራው ተጋገረ፣ ሰው መልእክቱን በሰው እጅ ላከ።

ባንክ ስትል የነካኸው እውነት አለ። ብር ወረቀት ነው። ነገም ይሠራል ብለን ሁላችንም ስላመንን ነው ዋጋ ያለው፤ እምነቱ ሲሸረሸር አገር ይናወጣል። ይሁን እንጂ ሰው መገበያያ አያጣም። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲሸጡና ሲገዙ ኖረዋል። ምትክ አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጆንያው እንምጣ።

ሥጋችንና ደማችን የተሠራው በፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ ያለ ናይትሮጅን አይሆንም። የሚገርመው፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ ሁለት ሁለት እየሆነ አጥብቆ የተቆላለፈ መሆኑ ላይ ነው፤ ተክል እንዲህ እንደተቆለፈ ሊጠቀምበት አይችልም። ጤፉም ስንዴውም ናይትሮጅን መሐል ቆሞ ናይትሮጅን ይራባል። ይህን ቁልፍ በተፈጥሮ የሚፈቱት መብረቅና አንዳንድ የአፈርና የውኃ ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው። የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረው እነሱ በፈቱለት ልክ ነው። ያንኑ በፍግ፣ በጥራጥሬና መሬት በማሳረፍ እያዞረ።

እ.ኤ.አ. በ1898 ዊልያም ክሩክስ የሚባል የብሪታኒያ ኬሚስት ስንዴ የሚበላው ዓለም ወደ ረሃብ እየሄደ ነው ብሎ በአደባባይ አስጠነቀቀ። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ለማሳዋ የሚሆን ናይትሮጅን በመርከብ ከቺሊ በረሃ ነበር የምታስመጣው፤ እሱም አንድ ቀን ያልቃል። ክሩክስ መውጫው አንድ ነው አለ፦ ኬሚስቶች ናይትሮጅንን ከአየር ላይ ማውረድ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በቤተ ሙከራ አደረገው። ካርል ቦሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው ከተማ ላይ ወደ ፋብሪካ አሳደገው። ሥራው እንዲህ ነው። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ወፍራም የብረት ጋን ውስጥ ይገባሉ። ግፊቱ ከተራው አየር ወደ 200 እጥፍ ይደርሳል፣ ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ በላይ ነው፣ መሐል ላይ ብረት እንደ ማነቃቂያ ይቀመጣል። በሌላ ወገን አሞኒያ ይወጣል። ዩሪያ የሚሠራው ከዚያ ነው።

በዚያ ዘመን የዓለም ሕዝብ ሁለት ቢሊዮን አልሞላም። ዛሬ ከስምንት ቢሊዮን በላይ ነን። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ግምት፣ ዛሬ በምድር ላይ ካለው ሰው ግማሽ ያህሉ የሚበላው ምግብ ያለዚህ ሥራ ሊበቅል አይችልም የሚል ነው። ግማሽ! ካፌ ውስጥ ፊት ለፊትህ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ማለት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ይኸው ሃበር በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የተካሄደውን የክሎሪን ጋዝ ጥቃት ያዘጋጀ ሰው ነው። ከአሞኒያው ፈንጂም ይሠራል። ይህን ያህል ሰው ያበላ እጅና ያን ያህል የገደለ እጅ አንድ መሆኑ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ታዲያ ለምንድን ነው ማንም ጣና ዳር ተቀምጦ ማዳበሪያ የማይለው? መብራት ሲጠፋ በሰከንድ ታውቀዋለህ። ማዳበሪያ ሲጠፋ የምታውቀው ኅዳር ላይ፣ አውድማ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ የሚደረግ ነገር የለም። ክረምቱን መልሰህ አትጠራውም።

ይሄ መላ ምት ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የስሪላንካ መንግሥት ኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። አገሩ በሙሉ በአንዴ ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ ይግባ ተባለ። ዝግጅት አልነበረም፣ በቂ ኮምፖስትም አልነበረም። በስድስት ወር ውስጥ የሩዝ ምርቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወረደ። ራሱን በሩዝ የቻለ አገር ሩዝ ከውጭ መግዛት ጀመረ፤ ዶላር የሚያስገኘው ሻይም ተመታ። ኅዳር 2014 ላይ እገዳው ተነሳ፤ ግን ዘግይቷል። የውጭ ምንዛሬው እጥረትና የዕዳው ጫና ተጨምሮበት፣ ሐምሌ 2014 ላይ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ሸሹ።

የእኛ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ምስክር አለው። ክፉ ቀንን አስብ። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ስሙ ደስታ ነው፣ ሥራው ግን ከአሥር ከብት ዘጠኙን መግደል ነበር። ድርቁና አንበጣው ተከተለ። መሬቱ እዚያው ነበር፣ ገበሬው እዚያው ነበር፣ ሞፈርና ቀንበሩም ጎጆ ውስጥ ተሰቅሏል። በሬ ግን የለም። የዚያ ዘመን ሥልጣኔ፣ ቤተ መንግሥቱም ደብሩም ጦሩም፣ የቆመው በበሬ ጫንቃ ላይ እንደነበር ሰው ያወቀው በሬው ሲያልቅ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ ሕዝቡም በዶማ እንዲቆፍር አዘዙ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው በዚያ መከራ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ይነገራል።

እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ሁሉ የተደገፈበት፣ ማንም የማያየው፣ ሲሄድ ምትክ የሌለው። ለአያቶቻችን በሬ ነበር። ለዛሬው ዓለም ናይትሮጅን ነው። (የደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ላይ ጨርሶ መጥፋቱ ታውጇል። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ይህን ዜና ስሰማ የክፉ ቀን ሰዎች ትዝ ብለውኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።)

ጆንያው እስከ ቋሪት ወይ እስከ ደምበጫ እንዴት እንደሚደርስ ደግሞ አስብ። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዝ ያለው አገር ያመርታል፣ መርከብ ይጭናል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ከዚያ በጭነት መኪና ተራራውን ወጥቶ ይመጣል። የሚገዛው በዶላር ነው። መድረስ ያለበት ዝናቡ ሳይገባ ነው። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ሰሞን አንድ ቶን ዩሪያ በዓለም ገበያ ከ900 ዶላር በላይ ገብቶ ነበር። እዚህ ጤፍ የሚዘራ ሰው ያንን ጦርነት በራዲዮ ከሰማው ይልቅ በማዳበሪያው ዋጋ ነው በደንብ ያወቀው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይም በክልላችን ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ አደባባይ ወጥቶ ነበር። አንተና ጓደኞችህ መብራት ሲጠፋ እንደደነገጣችሁት፣ እነዚያ ሰዎች የደነገጡት ለሁላችንም ነበር።

ነሐሴ 2017 ላይ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ስምምነት ተፈርሟል። በዓመት ሦስት ሚሊዮን ቶን ያመርታል ተብሎ የታቀደ ነው፤ ጋዙም ከዚያው ከኦጋዴን ነው። ምርት እስካሁን አልጀመረም። ግን በጣም እጠብቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት አሳልፌ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሽምብጥ ነው ቤቴ። ሰዎች አገር ስለሚያፈርስ ነገር ሲያወሩ መብራትን እንደ ምቾት ይቆጥሩታል፤ አምፖልና ቴሌቪዥን ይመስላቸዋል። ግሪድ በሙሉ ቢወድቅና ማስነሳት ቢያቅት ምን እንደሚከተል ለአንባቢ ቢያስረዱልን። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ካልኩት ነገር ላይ ግማሹን ሊያስመልሱኝ ምንም አልቀረዎትም።

ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ግሪድ የምንለው፣ ማመንጫዎችንና ከተሞችን የሚያገናኘው የመብራት መስመር፣ እንደ ውኃ ጋን አይደለም፤ ሞልተህ የምታስቀምጠው ነገር የለውም። ተርባይኑ የሚያመነጨውና ከተማው የሚጠቀመው በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። በእኛ አገር ጄኔሬተሮቹ ሁሉ እኩል ተያይዘው በሰከንድ 50 ዑደት ይመታሉ። ጭነቱ ሲከብድ ምቱ ይቀንሳል። ብዙ ከወረደ ማሽኖቹ እንዳይሰበሩ ራሳቸውን ከመስመር ያወጣሉ። አንዱ ሲወጣ ጭነቱ ለቀሩት ይተርፋል፤ እነሱም ተከትለው ይወጣሉ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. አሜሪካ ቴክሳስ ላይ በከባድ ብርድ የተነሳ ግሪዱ በሙሉ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ስፔንና ፖርቱጋል በጠራራ ፀሐይ ጨለሙ። ባቡር መንገድ ላይ ቆመ፣ የትራፊክ መብራት ጠፋ፣ ሰው ሊፍት ውስጥ ተዘጋበት።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፤ እርስዎ በደንብ የሚያውቁት። የወደቀን ግሪድ ለማስነሳት መብራት ያስፈልጋል። አብዛኛው ኃይል ማመንጫ ፓምፑን ለማዞር፣ መቆጣጠሪያውን ለማብራት ራሱ ከመስመር ላይ ኃይል ይወስዳል። መስመሩ ከሞተስ? ያኔ የውኃ ኃይል ያድናል። ውኃ ከላይ ተከማችቶ ካለ፣ በባትሪ ወይም በትንሽ ጄኔሬተር በሩን ከፍቶ ተርባይኑን ማዞር ይቻላል። ከዚያ አንድ መስመር፣ ቀጥሎ አንድ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ)፣ ቀጥሎ አንድ ከተማ እያለ ቀስ ተብሎ ይገነባል። ስፔን የዳነችው በግድቦቿና ከፈረንሳይና ከሞሮኮ በመጣ መስመር ነው፤ በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ሰው መብራት አግኝቷል።

ይህን ሳስብ እዚህ ከተማ ውስጥ መኖሬ ያረጋጋኛል። ጢስ ዓባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራችው የመጀመሪያዋ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ናት፤ ለዛሬ ትንሽ ናት፣ ለዚያ ዘመን ባሕር ዳር ግን ፋብሪካ ያዞረች ናት። የጣና በለሱ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ የሐይቁን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ተፋሰስ ይለቀዋል። ከዚያ ወዲያ ዓባይ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የፏፏቴው ውኃ መመናመን እንደ ማንኛውም የአካባቢው ሰው ያሳዝነኛል። ግን አገራችን ኃይሏን ከሞላ ጎደል ከውኃ ማግኘቷ፣ ግሪድ ሲወድቅ ብዙ አገር የሚመኘው ዕድል ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ትልቁ ትራንስፎርመር ነው። እሱ ሱቅ ውስጥ የለም። በትእዛዝ ይሠራል፣ ከመቶ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ለመድረስ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 ከፀሐይ የመጣ ማዕበል ካናዳ ውስጥ የኩቤክን ግሪድ በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ጣለው፤ ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ጨለመበት። የዚያን ጊዜው በሰዓታት አለቀ። ብዙ ትራንስፎርመር በአንድ ቀን ቢቃጠል ግን ወረፋው የዓመታት ይሆናል።

ስለዚህ በፍጥነቱ እርስዎ ይበልጡኛል። መብራት ከሄደ የከተማ የውኃ ፓምፕ ይቆማል፣ ክትባት ይሞቃል፣ ማደያ ነዳጅ መቅዳት ያቅተዋል፣ በሦስተኛው ቀን ከተማ ይታመማል። የማዳበሪያ ፋብሪካውም ይቆማል፤ ይህን አልክድም። ልዩነታችን አንድ ቦታ ላይ ነው። ግሪድ ሲወድቅ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች በሌሊት ተጠርተው፣ ምሰሶ ላይ ወጥተው፣ በቀናት ወይም በሳምንታት ያስነሱታል። የከሸፈ መኸርን ማንም ባለሙያ አይጠግነውም። ምሰሶው ላይ የሚወጣው ሰውም በልቶ ነው የሚወጣው። እርስዎ አሁንም መብራት ካሉ፣ ይጻፉልኝ፤ አወጣዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከዘጌ ነው የምጽፈው፤ የአብነት መምህር ነኝ። ዛሬ ሁሉ ነገር ኮምፒዩተር ውስጥ ነው ይባላል። ኮምፒዩተሩ ቢጠፋ የዓለም እውቀት አብሮ ይጠፋል ማለት ነው? እኛ ዘንድ ብራናው ስንትና ስንት ዘመን አልፎ አለ።

መልስ፦ መምህር፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። የእርስዎን መልስ አሳጥረዋለሁ፤ ምክንያቱም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት፣ በግራኝ ጦርነት ጊዜ ብዙ ደብር ሲቃጠል፣ የጣና ደሴቶች መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት የተሸሸጉባቸው ቦታዎች ነበሩ። መጽሐፍ በታንኳ ተጭኖ ተሻገረ። ዳጋ እስጢፋኖስም ክብራን ገብርኤልም ያሉት ብራናዎች እዚህ የደረሱት በዚያ ድካም ነው። የፍየል ቆዳ፣ ከጥላሸት የተሠራ ቀለም፣ የሚያነብ ዓይን፤ ሌላ ምንም አይፈልግም። ዛሬ ሰርቨር ላይ ያለው ጽሑፍ ግን መብራት፣ ማቀዝቀዣና በየጥቂት ዓመቱ የሚቀየር ማሽን ይፈልጋል። በዚህ ሰግተው ከሆነ እኔም እሰጋለሁ።

ግን መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም። ቅኔን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው አለ? የኔታ ፊት ተቀምጦ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ነው። ሌላውም እውቀት እንደዚያ ነው። ታንኳን ውሰዱት። ከደንገል እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍም በፎቶም ሞልቷል። ስንቱ ደንገል እንደሚያስፈልግ፣ የት ጋ ሲታሰር እንደሚጠብቅ የሚያውቀው ግን ከአባቱ ጎን ቆሞ ያሰረ ልጅ ነው። አንድ ትውልድ ብቻ ቢዘለል የሐይቁ ሰው ፎቶ እያየ ታንኳ አይሠራም። የአሞኒያ ፋብሪካ እንደዚያ ነው፤ የመብራት መስመርም እንደዚያ ነው። ከኮምፒዩተሩ መጥፋት ይልቅ የተማሪው መጥፋት ያስፈራኛል። እርስዎ ዘንድ ስንት ተማሪ እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ መራዊ አካባቢ ነን። አባቴ ገበሬ ነው፣ እኔ ባሕር ዳር እማራለሁ። ዩሪያ በጣም ተወዷል፤ አባቴ ዘንድሮ ግማሹን ብቻ ነው የገዛው። ሰዎች ኮምፖስት ብቻ ተጠቀሙ፣ ኬሚካል መሬት ይገድላል ይሉናል። እውነት ነው? ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። ከላይ ስለ ዓለም ያወራሁት ሁሉ በአባትሽ ማሳ ላይ ነው የሚታየው።

ዩሪያ በራሱ መሬት አይገድልም። ያለ ልክ፣ ዓመት ከዓመት እሱ ብቻ ሲሆን ግን አፈሩን ያከፋዋል፤ ኮምጣጣነቱን ይጨምራል። የምዕራብ ጎጃም አፈር ደግሞ ድሮም ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ አፈር ላይ የሚጣል ማዳበሪያ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በተለይ ፎስፈረሱን አፈሩ ይይዘዋል እንጂ ለሰብሉ አይሰጥም። ስለዚህ የግብርና ባለሙያ አፈሩን ከመረመረላችሁና ኖራ ካስፈለገው፣ አንዳንዴ ኖራው ከተጨማሪ ጆንያ ይበልጣል።

ግማሹን ብቻ ከገዛችሁ፣ ያንን ግማሽ አታባክኑት። ዩሪያ አፈር ሳይለብስ ላይ ላዩን ተበትኖ ሙቀት ሲያገኘው ወደ አየር ይሄዳል፤ በብር የተገዛው ናይትሮጅን ተመልሶ ነፋስ ይሆናል። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ይጣል፣ አፈር ይልበስ። አንዴ ሙሉውን ከመጣል ከፍሎ መስጠት ይሻላል፦ የተወሰነው በዘር ጊዜ፣ የቀረው ሰብሉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር። ዶፍ ሊዘንብ ሲል ግን አይጣል። ታጥቦ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ? በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ተከትሎ ጣና ይገባል። እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ ላይ እንዲያ የተንሰራፋው ከየማሳው ታጥቦ የሚመጣውን እየበላ ነው። አባትሽ የከፈለበትን ናይትሮጅን እንቦጭ ሲበላው ማየት ያማል።

እንቦጩን መልሶ ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል። አበባ ሳያወጣ ከተሰበሰበ ጥሩ ነው። ዘር ካዘለ ግን ክምሩ በደንብ ሳይግል ወደ ማሳ መውሰድ አደጋ አለው፤ ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፣ ቦይ ካገኘ እንደገና ይበቅላል። በተለይ እናንተ አጠገብ የቆጋ መስኖ ስላለ በዚህ ቸልታ አይገባም።

ኮምፖስት ብቻ በቂ ነው የሚሉሽን አትስሚያቸው፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን ሒሳቡን ስላልሠሩት ነው። ፍጉ ለማገዶ ይሄዳል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ ለማሳው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ኩባ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ማዳበሪያ በአንዴ ተቋረጠባት፤ ወደ በሬና ወደ ጓሮ አትክልት ተመለሰች፣ ብዙ የሚያስተምር ሥራም ሠራች። ግን የተራበችበት ጊዜ ነበር፤ ብዙውን ምግቧንም ከውጭ ነበር የምትገዛው። ሁለቱንም ያዙ። ያለውን ዩሪያ በአግባቡ፣ ከጎኑ ኮምፖስትና ጥራጥሬ።

ጥራጥሬውን ነው ላሰምርበት የምፈልገው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግብጦ። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ግብጦን ከመጠጥ ጋር የሚበላ ቁርስ ወይም የአረቄ ጥሬ ዕቃ አድርጎ ነው የሚያውቀው። አባትሽ ግን የደከመ መሬት ላይ እንደሚዘራ ያውቃል፤ ጠይቂው። ሥሩን ነቅለሽ ብታይው እንክብል እንክብል ነገር አለው። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦፓው ላይ በ200 እጥፍ ግፊትና በ400 ዲግሪ የሚሠራውን ሥራ በተራ የአፈር ሙቀት፣ ያለ ጋዝ፣ ያለ ዶላር ይሠሩታል። ግብጦ ኮምጣጣ አፈርም ይችላል፤ አፈሩ የያዘውን ፎስፈረስም በሥሩ ያስለቅቃል። አዊ ውስጥ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ ለከሰል ቆርጦ፣ መሬቱን መልሶ የሚያርሰውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ዛፉ ናይትሮጅን ትቶ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ዓመት ከማሳችሁ አንዱን ጥግ፣ በጣም የደከመውን፣ ለግብጦ ስጡት። ፍሬውን ቆልታችሁ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ካልነከራችሁት ምሬቱ አይለቅም፤ ሳይነከር የበላ ሰው ይታመማል፣ ለከብትም አይሰጥ። ከዚያ በኋላ እዚያው ጥግ ላይ ጤፍ ዝሩና ግብጦ ካልነካው ጤፍ ጋር አወዳድሩት። ቁመቱንና ምርቱን ለክተሽ ብትልኪልኝ በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ።